ገጹ ለነዋሪው ይናገር
ግልጽ ደብዳቤ

ለጌዴኦ ዞን ጤና መምሪያ
ለጌዴኦ ዞን የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች መምሪያ
ለዲላ ከተማ አስተዳደር
ለዲላ ዩኒቨርሲቲ
ዲላ

ጉዳዩ፦ ማኅበራዊ ሚዲያን ለጤናማ ልማድና ለጋራ ጥቅም ስለማዋል

ማኅበራዊ ሚዲያ በሕዝብ ጤናና በጋራ ኑሮ ላይ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ያሳውቃል፣ ያስደርጋልም። ማሳወቁ ቀላሉ ነው። አጎበር ወባን እንደሚከላከል፣ እጅን በሳሙና መታጠብ ተቅማጥን እንደሚቀንስ፣ ሕፃን በጊዜው መከተብ እንዳለበት ያልሰማ ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ይህንኑ ቤት ለቤት ሲያስተምር ቆይቷል። ከባዱ ማስደረጉ ነው። አጎበሩ ተጣጥፎ ተቀምጦ ልጆቹ እንዲሁ ያድራሉ፤ የክትባት ካርዱ በጥንቃቄ ተይዞ ቀጠሮው ያልፋል፤ ደም መስጠት መልካም እንደሆነ የሚያውቅ ወጣት አንድም ቀን ሰጥቶ አያውቅም። የአንድ መሥሪያ ቤት ገጽ ለነዋሪው ሠራ የሚባለው በማወቅና በማድረግ መካከል ያለውን ይህን ርቀት ሲያሳጥር ነው።

ለአራቱ መሥሪያ ቤቶች የሚቀርበው ሐሳብም ከዚህ ይነሣል። ገጾቹ መሥሪያ ቤቱ ምን እንደሠራ ከመዘገብ አልፈው ነዋሪው ምን፣ የትና መቼ ማድረግ እንዳለበት ይንገሩ፤ ከተደረገ በኋላም ውጤቱን መልሰው ያሳውቁ።

በአገሪቱ የዞንና የወረዳ መሥሪያ ቤቶች የፌስቡክና የቴሌግራም ገጾች ላይ በብዛት የሚወጣው የስብሰባ ዜና ነው። ፎቶው ይመሳሰላል፤ ከኋላ ባነር፣ ከፊት የታሸገ ውኃ የተደረደረበት ጠረጴዛ፣ መሃል ላይ ማይክ የያዘ ኃላፊ። ጽሑፉም ይመሳሰላል፤ የምክክር መድረክ ተካሄደ፣ አፈጻጸም ተገመገመ፣ አቅጣጫ ተቀመጠ። ወባ በበረታበት ወር «የወባን ስርጭት ለመግታት ባለድርሻ አካላት በቅንጅት ሊሠሩ እንደሚገባ ተገለጸ» የሚል ዜና ቢወጣ፣ ልጇ በትኩሳት የተያዘባት የወናጎ እናት ከዚህ የምትይዘው ነገር የለም። ማን እንዲሠራ እንደተጠየቀ፣ ምን እንዲሠራ እንደተጠየቀ፣ እስከ መቼ እንደሆነም አልተነገራትም።

ይኸው መልእክት ለእርሷ ተብሎ ሲጻፍ ሌላ መልክ ይይዛል፦ «ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት የጀመረው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችና ነፍሰ ጡሮች አይዘግዩ። ሕመሙ ቢሻልም የታዘዘው መድኃኒት ሳይቋረጥ ይጨረስ። ዛሬ ማታ ልጆች አጎበር ውስጥ ይተኙ፤ የተቀደደ አጎበር ነገ ይሰፋ።» እዚህ ላይ የሚደረገው ነገር፣ የሚደረግበት ቦታና ጊዜ ተለይቷል። መልእክቱን ያነበበ ሰው ከስልኩ ቀና ሲል ቀጥሎ የሚያደርገውን ያውቃል።

መልእክቱ ለማን እንደሆነ መለየትም አለበት። የጌዴኦ ዞን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር ብዙም ከማይርቀው ከዲላ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ቡሌ ሲወጣ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ለዲላ ዙሪያና ለወናጎ ቆላማ ቀበሌዎች አስቸኳይ የሆነው የወባ መልእክት ለቡሌ ደጋ ነዋሪ ያን ያህል አይነካውም፤ ለቡሌ የሳንባ ምች ምልክቶችን መንገር ይቀድም ይሆናል። ለሁሉም አንድ ዓይነት መልእክት የሚለጥፍ ገጽ ውሎ አድሮ ማንም የእኔ ነው የማይለው ገጽ ይሆናል።

ሰዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ባዩት ነገር ተነሣሥተው አንድን ተግባር የሚፈጽሙት እንዴት እንደሆነ በጥናት ተፈትሿል። ከትልልቆቹ ሙከራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የምክር ቤት ምርጫ ቀን በ61 ሚሊዮን የፌስቡክ ተጠቃሚዎች ላይ የተደረገውና በ2012 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመው ነው። ከተሳታፊዎቹ አንዱ ክፍል «ዛሬ የምርጫ ቀን ነው» የሚል መልእክት ብቻ አየ፤ ሌላው ክፍል ከመልእክቱ ጋር መምረጣቸውን ያሳወቁ የጓደኞቹን ፎቶ አየ። ወደ ምርጫ ጣቢያ የሚሄደውን ሰው ቁጥር የጨመረው የጓደኞች ፊት የታየበት መልእክት ነው፤ ባዶው ማስታወቂያ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ይልቁንም አብዛኛው ለውጥ የመጣው በእውን በሚተዋወቁ የቅርብ ወዳጆች በኩል ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት የሚገኘው ከሜይ 2012 እ.ኤ.አ. ነው። ፌስቡክ ተጠቃሚዎች ከሞት በኋላ የአካል ክፍላቸውን ለመለገስ መፍቀዳቸውን በገጻቸው ላይ እንዲያሳውቁ፣ ያልተመዘገቡትም በዚያው እንዲመዘገቡ መንገድ ከፈተ። በመጀመሪያው ቀን በአሜሪካ የተመዘገበው አዲስ ለጋሽ ከወትሮው የዕለት ቁጥር 21 እጥፍ ሆነ። በቀጣዮቹ ቀናት ግን ቁጥሩ እየወረደ ሄደ። አንድ ጊዜ የተነሣ ግለት ብቻውን ልማድ አይሆንም፤ ልማድ የሚሆነው በየጊዜው ሲታደስ ነው።

ኢትዮጵያም ከማኅበራዊ ሚዲያ በፊት የራሷ ልምድ አላት። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር አዘጋጅነት በሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ተከታታይ ድራማ 257 ክፍሎች ነበሩት። ስለ ቤተሰብ ዕቅድና ስለ ኤች አይ ቪ ያስተማረው በስብከት ሳይሆን በገጸ ባሕርያቱ ሕይወት ነው፤ አድማጩ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚከተለው ሰው ነበረው። አዘጋጆቹ ከአድማጮች በሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ደርሰዋቸዋል። ድራማው የሠራው ረጅም ጊዜ ስለቆየና አድማጩ መልስ መስጠት ስለቻለ ነው። ሁለቱም ነገሮች ዛሬ በስልክ ከዚያን ጊዜ ይልቅ በቀላሉ ይገኛሉ።

ጌዴኦ ራሷ ማኅበራዊ ሚዲያ ለበጎ ሲውል ምን ማድረግ እንደሚችል በ2011 ዓ.ም. አይታለች። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አካባቢ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ወራት አልፈው፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም.፣ በጌዴብ ወረዳ ጎቲቲ የተጠለሉት ሰዎች ሁኔታ በፎቶና በቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ተሠራጨ። የአገር ውስጥና የውጭ መገናኛ ብዙኃን ተከታተሉት፤ የመንግሥት ትኩረትም ወደ አካባቢው ዞረ። ወጣቶች በየከተማው ልብስና ምግብ ሰበሰቡ፤ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በታማኝ በየነ አስተባባሪነት በግሎባል አሊያንስ የእርዳታ ድርጅት በኩል በኢንተርኔት ገንዘብ አዋጡ። ለወራት በዝምታ የቆየው ችግር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የአገር ጉዳይ ሆነ።

ይህ የሆነባቸው ምክንያቶች ግልጽ ናቸው። ቦታው ስም ነበረው፤ ጎቲቲ። ችግሩ ታየ፤ ረሃብና መጠለያ ማጣት። ከሩቅ ያለ ሰው ማድረግ የሚችለው ነገር ተነገረው፤ ገንዘብ፣ እህል፣ ልብስ። የሰጠውም ሰው መስጠቱን ለወዳጆቹ በማሳየቱ ሌላው ተከተለው። ከዚሁ የሚወሰድ ጥንቃቄም አለ። በችግር ላይ ያለች እናት ወይም የተጎሳቆለ ሕፃን ፊት በዓለም ሁሉ ሲዞር፣ ሰዎቹ ከችግሩ ከወጡ በኋላም ፎቶው ከኢንተርኔት አይወጣም። ፈቃድ ሳይጠየቅ የተነሣ ፎቶ እርዳታ ቢያመጣም የሰውን ክብር ያስከፍላል። ከፎቶው ይልቅ ዘግይቶና ደክሞ የሚደርሰው ደግሞ የተሰጠው ነገር ምን እንደሠራ የሚናገረው ዜና ነው፤ ስንት ቤት ተሠራ፣ ስንት ልጅ ትምህርት ቤት ተመለሰ የሚለው። ይህ መልስ የጎደለው ዘመቻ በሚቀጥለው ጥሪ ጊዜ የሚሰጠውን እጅ ያሳጥራል።

ወረርሽኝ ሲነሣ የሚፈለገው ደግሞ የተለየ ነው። በዚያን ጊዜ ዋናው ነገር ሰዓት ነው። የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገለጽ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ዝንጅብል በሽታውን ይከላከላሉ የሚለው ወሬ ከባለሙያው ምክር ቀድሞ ገበያ ደረሰ፤ ዋጋቸውም ናረ። በሌላ በኩል የጊዜው የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ የዕለቱን የምርመራና የታማሚ ቁጥር በየቀኑ በማኅበራዊ ሚዲያ ገጻቸው ማውጣታቸው ሰው የሚጠብቀው አንድ የታወቀ ምንጭ ፈጠረ። የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት 8335 ነጻ የስልክ መስመርም ለጥያቄ መልስ የሚገኝበት ቦታ ሆነ። ሰው ቀጣዩ መረጃ መቼና ከየት እንደሚመጣ ካወቀ የወሬ ጉልበት ይቀንሳል።

ይህ ጉዳይ ለዲላ ሩቅ አይደለም። ዲላ ከማዕከል ከተሞቹ አንዷ በሆነችበት በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጂንካ ከተማ፣ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መከሠቱ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ተረጋገጠ፤ በኢትዮጵያ ሲታይም የመጀመሪያው ነበር። ማርበርግ ከታማሚው ወይም ከሟቹ የሰውነት ፈሳሽ ጋር በሚደረግ ንክኪ ይተላለፋል። ስለዚህ መከላከያው የሚነካው ሰው የሚሳሳላቸውን ልማዶች ነው፤ ሕመምተኛን ማስታመም፣ አስከሬን ማጠብ፣ ለቅሶ ደርሶ መተቃቀፍ። እንዲህ ያለውን ነገር «ጥንቃቄ ይደረግ» ብሎ በአንድ መስመር መግለጫ ማለፍ አይቻልም። በለቅሶ ቤት ምን እንደሚቀር፣ ምን እንደሚተካው፣ ማን እንደሚጠራ አንድ በአንድ መነገር አለበት። ይህንንም የሚናገሩት ሰዎች ነዋሪው የሚያምናቸው ሊሆኑ ይገባል።

ክትባትም በወሬ በቀላሉ የሚጎዳ ሥራ ነው። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች በዘመቻ ተሰጠ። ክትባቱ ያመክናል የሚለው ሐሰተኛ ወሬ በብዙ አገሮች ተነዝቷል። ለእንዲህ ያለ ወሬ መልስ ሲሰጥ የሚበጀው አጻጻፍ እውነቱን ማስቀደም ነው፤ ክትባቱ ልጅቷን ከየትኛው በሽታ እንደሚጠብቃት፣ በየትኛው ትምህርት ቤት በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ፣ ከተከተበች በኋላ ክንዷን ሊያማት እንደሚችልና ይህም እንደሚያልፍ። ወሬውን በትልቅ ፊደል ርዕስ አድርጎ ከሥሩ «ሐሰት ነው» ብሎ መጻፍ ወሬውን ላልሰማው ሁሉ ማድረስ ነው፤ ብዙ ሰው ከርዕሱ በታች አያነብምና። ራሷ ያስከተበች እናት በስሟና በፈቃዷ የምትናገረው የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ደግሞ ከማንኛውም መግለጫ ይበልጣል።

ማስተባበር ምን እንደሆነ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የደም ልገሳ ነው። በፌስቡክና በቴሌግራም ግሩፖች የሚዞረው የተለመደ መልእክት እንዲህ ያለ ነው፦ «አስቸኳይ! ኦ ኔጌቲቭ ደም ያስፈልጋል፤ ሼር በማድረግ ሕይወት ያድኑ» ከሥሩም የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር። ቀን የለውም፤ ሆስፒታሉ አንዳንዴ ይጠቀሳል፣ አንዳንዴ አይጠቀስም። ሰው በቅን ልብ ያስተላልፈዋል። ከወር በኋላ ሌላ ግሩፕ ውስጥ ይገባል፤ ታማሚው ድኖ ቤቱ ገብቶ ወይም አርፎ ይሆናል፣ የቤተሰቡ ስልክ ግን መጮኹን አላቆመም። በዚህ መካከል እውነተኛ አስቸኳይ ጥሪ ሲመጣ ሰው «ይሄ የድሮው ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ችግሩን የሚያቃልለው አሠራር ቀላል ነው። ጥሪው ከሆስፒታሉ ወይም ከደም ባንኩ ገጽ ብቻ ይውጣ፤ የተጻፈበት ቀንና ሰዓት፣ የሚያበቃበት ቀን፣ የሚሰጥበት ቦታና የተቋሙ ስልክ ይኑረው፤ የታማሚው ስምና ምስል አይኑረው። ደሙ ሲገኝ ያው ጽሑፍ «ተገኝቷል፤ እናመሰግናለን» ተብሎ ይስተካከል። ከዚህም የሚሻለው ጥሪውን ሳይጠብቁ መስጠት ነው። አንድ ጤነኛ ሰው ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ከሆነና ክብደቱ ከ45 ኪሎ ካላነሰ በየሦስት ወሩ ደም መስጠት ይችላል፤ የተለገሰ ደም ግን በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቆየው ከአምስት ሳምንት ገደማ አይበልጥም። ስለዚህ በአንድ ቀን ዘመቻ ብዙ ደም ሰብስቦ ለዓመት ማኖር አይቻልም። ዲላ ዩኒቨርሲቲ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች በአንድ ግቢ የሚኖሩበት ተቋም ነው፤ ሆስፒታልም አለው። በየሦስት ወሩ በቴሌግራም ማስታወሻ የሚደርሳቸውን ለጋሾች በየትምህርት ክፍሉ የያዘ ዝርዝር ቢኖረው በመንገድ አደጋና በወሊድ ጊዜ የሚፈጠረውን እጥረት ያቃልላል። ከሰጡት መካከል የፈቀዱት ፎቷቸው ቢወጣ ደግሞ ከላይ የተጠቀሰው የጓደኛ ፊት ሥራውን ይሠራል።

ገንዘብ ማሰባሰብ ሌላው ሰፊ መስክ ነው። በ2017 ዓ.ም. ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ሕንፃ ማስጨረሻ በሰይፉ ፋንታሁን የዩትዩብ ቻናል በቀጥታ ስርጭት የተደረገው ማሰባሰብ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር አስገኝቷል። ተመልካቹ የገባውን ብር ወዲያው ያይ ነበር፤ ተቋሙም ለዓመታት በሥራው የታወቀ ነበር። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በዚሁ ክልል በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከ200 በላይ ሰው የሞተበት የመሬት መንሸራተት አደጋ ሲደርስም ሕዝቡ በተመሳሳይ መንገድ ተረባርቧል። እንዲህ ባለው ሰዓት ግን አጭበርባሪም ይነቃል፤ የሟች ወይም የታማሚ ፎቶ ለጥፎ የራሱን የባንክ ቁጥር የሚያስገባ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ የመንግሥት ገጾች ሥራ አንዱ ማረጋገጥ ነው፤ በዞኑ ውስጥ የሚካሄድ ማሰባሰብ የማን እንደሆነ፣ ሒሳቡ በየትኛው ተቋም ስም እንደተከፈተ፣ መቼ እንደሚዘጋና ምን እንደተሠራበት በአንድ ቦታ ማሳወቅ።

መልእክቱ በማን አፍና በምን ቋንቋ ይነገር የሚለው ጥያቄ በጌዴኦ ልዩ ክብደት አለው። ከዲላ ከተማ ሲወጣ የቤት ቋንቋው ጌዴኦኛ ነው። የጤና መልእክት በአማርኛ ብቻ ከተጻፈ የሚደርሰው ተማሪው ልጅ ጋ ነው፤ አጎበሩን የምትሰቅለው እናት ጋ አይደርስም። ማንበብ ለማይችል ወይም ለሚከብደው ሰው ደግሞ ጽሑፍ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ያው ነው። መፍትሔው ድምፅ ነው። አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በጌዴኦኛ የቀረጸችው የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ከቪዲዮ ያነሰ ዳታ ይፈጃል፣ ደካማ ኔትወርክ ባለበትም ያልፋል፣ አንድ ስልክ ባለበት ቤት ሁሉም ተሰብስቦ ይሰማዋል።

የሚታመኑት ሰዎችም በአካባቢው አሉ። የጌዴኦ ሽማግሌዎች በባህላዊው ሸንጎ፣ በሶንጎ፣ ተቀምጠው ነገር ሲያዩ ተናጋሪው ከሰሚው ጋር በአንድ ቦታ ነው፤ ያልገባው ይጠይቃል፣ ያልተስማማ ይናገራል፣ ነገሩ እልባት ሳያገኝ አይዘጋም። በብዙ የመንግሥት ገጾች ላይ ግን ኮሜንት ይዘጋል፤ ካልተዘጋም መልስ አይሰጠውም። «የቀበሌያችን ጤና ኬላ ለሳምንት ዝግ ነው» ብሎ የጻፈ ነዋሪ መልስ ካላገኘ፣ በዚያው ገጽ የሚወጣው «ወደ ጤና ኬላ ይሂዱ» የሚለው ምክር ለእርሱ ፌዝ ነው። አባ ገዳዎች፣ የቃለ ሕይወትና የመካነ ኢየሱስ አጥቢያዎች፣ የኦርቶዶክስ ደብሮች፣ መስጊዶች፣ እድሮችና የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት እያንዳንዳቸው የሚሰማቸው ሕዝብ አላቸው፤ ብዙዎቹም የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። የጤና መምሪያው አዲስ ተከታይ ከመፈለግ ይልቅ በእነዚህ ግሩፖች ውስጥ በግብዣ ገብቶ ጥያቄ የሚመልስ አንድ ባለሙያ ቢመድብ በአጭር ጊዜ ብዙ ቤት ይደርሳል። የቡና ለቀማ ወቅት ሰው በብዛት የሚንቀሳቀስበት ስለሆነ የማኅበራቱና የማጠቢያ ጣቢያዎቹ ግሩፖች በተለይ ይጠቅማሉ።

የአካባቢ ንጽሕናም ከዚሁ ተለይቶ አይታይም። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የተመዘገበውም እንሰት፣ ቡናና አገር በቀል ዛፍ በአንድ ማሳ አብረው የሚያድጉበትን እርሻ፣ የተጠበቁ ደኖችንና ጥንታዊ ትክል ድንጋዮችን አካትቶ ነው። ስለ ምዝገባው ብዙ ተለጥፏል፤ የደራሮ በዓል ሲከበርም ገጾቹ በፎቶ ይሞላሉ። ቅርሱ የሚጠበቀው ግን ገበሬው ዛፉን ባለመቁረጡ፣ ገበያተኛው ፌስታሉን ቦይ ውስጥ ባለመጣሉ፣ ጎብኚውም ትክል ድንጋዮቹ ካሉበት ቱቱ ፈላ ሲደርስ ድንጋዩ ላይ ባለመውጣቱ ነው። ከበዓሉ ፎቶ ጎን እነዚህን ሦስት ነገሮች የሚጠይቅ፣ ከጽዳት በፊትና በኋላ የአንድን ቦይ ፎቶ የሚያሳይ፣ ያጸዱትን የሰፈር ወጣቶች የሚያመሰግን ገጽ የኩራቱን ስሜት ወደ ሥራ ይቀይረዋል።

ሕጉም መታወቅ አለበት። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ሐሰተኛ መረጃ ማሠራጨትን በከበደ ቅጣት ያያል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰውን የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ይመድባል። ሁለቱም የመንግሥትን ገጾች ይመለከታሉ፤ የታማሚን ፎቶ ከምርመራ ውጤቱ ጋር የሚለጥፍ የጤና ተቋም ገጽ በቅን ልብ ቢያደርገውም የሰውየውን መብት ይነካል። ይሁን እንጂ ሐሰተኛ ወሬ በቅጣት ፍራቻ ብቻ አይጠፋም። ወሬ የሚስፋፋው ሰው ሲጠይቅ የሚመልስለት ሲያጣ ነው፤ ፈጣንና ቅን መልስ ከክስ በፊት ይቀድማል። ጌዴኦ ከጉጂና ከሲዳማ ጋር በገበያ፣ በጋብቻና በመሬት የተሳሰረ ሕዝብ በመሆኑ፣ አንድ የተሳሳተ የግጭት ወሬ በአንድ ሌሊት የሚያደርሰው ጉዳት ከማንኛውም በሽታ አያንስም። የአጎራባቾቹ ሕዝቦች ሽማግሌዎች በአንድ ቪዲዮ አብረው ተቀምጠው መናገራቸው እንደ ጤና መልእክት ሁሉ ቀድሞ የሚዘጋጅ እንጂ ነገር ከተነሣ በኋላ የሚታሰብ አይደለም።

የመጨረሻው ጉዳይ መለኪያ ነው። የገጽ ሥራ ሪፖርት በተከታይ፣ በላይክና በሼር ቁጥር ሲቀርብ ገጹ የሚያስቅና የሚያስቆጣ ነገር ወደ መፈለግ ያዘነብላል። ለጤና መልእክት የሚገባው መለኪያ በጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ነው። ስንት ሰው ትኩሳት በጀመረው በ24 ሰዓት ውስጥ መጣ፣ ስንት ሕፃን የዘጠኝ ወሩንና የ15 ወሩን የኩፍኝ ክትባት በቀጠሮው ወሰደ፣ ስንት ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ደም ሰጠ የሚሉት ቁጥሮች ከመልእክቱ በፊትና በኋላ ይነጻጸራሉ። ካርድ ክፍል ላይ «ከየት ሰሙ?» የሚል አንድ ጥያቄ መጨመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጥናቱን የሚሠራ አካልም በከተማው አለ፤ የዲላ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ተማሪዎች መልእክቱ በደረሳቸውና ባልደረሳቸው ቀበሌዎች መካከል ያለውን ልዩነት እንደ መመረቂያ ጥናታቸው ሊይዙት ይችላሉ።

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች ለአራቱ መሥሪያ ቤቶች የሚቀርቡት ጥያቄዎች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) ከስብሰባ በኋላ የሚወጣ እያንዳንዱ የጤና ዜና ነዋሪው የሚያደርገውን ነገር፣ ቦታውንና ጊዜውን የሚናገር መልእክት ይኑረው፤ መልእክቱም የወጣበትና የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበት።

ለ) አስቸኳይ መልእክቶች በአማርኛ በወጡበት ዕለት በጌዴኦኛ በድምፅ ይውጡ፤ ለየትኞቹ ወረዳዎች እንደሆኑም ይገለጽ።

ሐ) በገጾቹ ላይ ለሚቀርብ ጥያቄ በሥራ ሰዓት የሚመልስ አንድ የጤና ባለሙያ ይመደብ፤ የጤና መረጃ የሚሰጡት 952 እና 8335 ነጻ የስልክ መስመሮች በየመልእክቱ ግርጌ ይጠቀሱ።

መ) የጤና መምሪያው፣ የኮሙኒኬሽን መምሪያውና ዩኒቨርሲቲው ወሬ አጣርቶ በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ የሚሰጥ አነስተኛ ቡድን በጋራ ያቋቁሙ።

ሠ) የደም ጥሪ ከተቋም ገጽ ብቻ እንዲወጣ አሠራር ይዘርጋ፤ የለጋሾች ዝርዝር በተቋሙ እጅ ይቀመጥ እንጂ በአደባባይ አይለጠፍ።

ረ) የታማሚ፣ የተፈናቃይና የሕፃን ፎቶ በጽሑፍ ፈቃድ ካልሆነ በስተቀር አይውጣ።

ሰ) በየሩብ ዓመቱ የጤና ጣቢያ ቁጥሮችን ከመልእክቶቹ ጋር ያነጻጸረ አጭር ሪፖርት በገጾቹ ላይ ለሕዝብ ይቅረብ።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጀመር አያስፈልግም። ከክረምቱ መውጣት በኋላ ባሉት የወባ ወራት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ በዲላ ከተማ፣ በዲላ ዙሪያና በወናጎ በወባ መልእክት ብቻ መጀመር ይቻላል። የሚያስፈልገው ሰው፣ ስልክና መዝገብ አሁንም በመሥሪያ ቤቶቹ እጅ አለ። በሦስቱ ወራት መጨረሻ በጊዜው ወደ ጤና ጣቢያ የመጡት ሰዎች ቁጥር ከፍ ካለ አሠራሩ ወደ ክትባትና ወደ ደም ልገሳ፣ ከዚያም ወደ ይርጋጨፌ፣ ኮቸሬ፣ ጌዴብና ቡሌ ይዘልቃል፤ ከፍ ካላለ የመልእክቱ ቋንቋ፣ ተናጋሪው ወይም ሰዓቱ ይፈተሽና ይስተካከላል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጤና ቢሮ
ለጌዴኦ ዞን አስተዳደር
ለዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል
በዞኑ ለሚገኙ የሃይማኖት ተቋማት፣ እድሮችና የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት